የዕድሩ መዝገብ ከቲፍ ወደ ጄፔግ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጅማ፣ ሒርማታ ያለው የሰፈራችን ዕድር አራት የመዋጮ መዝገቦቹን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ስካን አስደርጓል። ሥራው 612 ገጽ ሲሆን፣ የተነሣው በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ በቀለምና ቲፍ በተባለ ያልታመቀ የሥዕል ፋይል ነው። አንድ የኤፎር ገጽ በዚህ ልክ ሲነሣ 4960 በ7016 ፒክስል ይሆናል፤ እያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ባይት ስለሚወስድ አንዱ ገጽ ብቻውን 104 ሜጋባይት፣ ሁሉም በድምሩ 64 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። የጅማ ክረምት ለወረቀት ስለማይራራና የአንደኛው መዝገብ ጠርዝ ከወዲሁ ስለሻገተ፣ በዚህ ጥራት መነሣቱ ተገቢ ነበር፤ ችግሩ በዚህ መልኩ ማንም በስልኩ ሊያየው አለመቻሉ ነው።

ጸሐፊው ፋይሉ አልከፈት ቢላቸው የስሙን መጨረሻ ከቲፍ ወደ ጄፔግ (ስልክ ወደሚከፍተው የታመቀ የሥዕል ዓይነት) ለውጠው ወደ ራሳቸውና ወደ ገንዘብ ያዡ ስልክ ገልብጠውታል። «ስሙን ቀየርሁት እኮ ልጄ፣ ምን ቀረው?» አሉኝ። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍቼ «ፋይል» የሚባለውን ትእዛዝ ሳስኬድበት፣ ይህ ትእዛዝ ስሙን ትቶ የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች ስለሚያነብ፣ ቲፍ መሆኑን ወዲያው ተናገረ። ቲፍ «አይ አይ» ወይም «ኤም ኤም» በሚሉ ሁለት ፊደላትና 42 በሚል ቁጥር ይጀምራል፤ የስሙ መጨረሻ ቢለወጥ ይህ አይለወጥም። «ጋሼ፣ የጀንፈል ማዳበሪያ ላይ የታጠበ ቡና ብለው ቢጽፉበት አይታጠብም» ስላቸው ሣቁ፤ ሥራውንም ያዝሁ።

የተስማማነው ሦስት ነገር ነው፦ ለማኅደር የሚቀመጥ ምንም ያልተቀነሰለት ቲፍ፣ በስልክ የሚታይ ጄፔግ፣ ለማተም የሚሆን ፒዲኤፍ። መሣሪያዬ 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ሲሆን ኡቡንቱ 22.04 የተባለ የሊነክስ ሲስተም ተጭኖበታል። ለመቀየሪያነት የመረጥሁት ኢሜጅማጂክን ነው፤ ጆን ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1987 በዱፖንት ሳለ የጀመረው ነጻ ፕሮግራም ነው። በዚህ ኡቡንቱ ላይ ያለው 6ኛው ትውልድ በመሆኑ ዋናው ትእዛዝ «ኮንቨርት» ይባላል። በዊንዶውስ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ ይህንኑ ስም ተርሚናሉ ላይ ጽፎ ስለ ዲስክ የሚያወራ መልስ አግኝቶ ደንግጦ ነበር፤ በዊንዶውስ «ኮንቨርት» የተባለው የራሱ የሲስተሙ ትእዛዝ ሲሆን ሥራውም የዲስክን ፋይል ሲስተም (የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት) ከፋት ወደ ኤንቲኤፍኤስ መለወጥ ነው። በ7ኛው ትውልድ ትእዛዙ «ማጂክ» ስለተባለ ይህ ግጭት ቀርቷል።

እስከ አሁን የወጣው ወጪ ለኢንተርኔት ጥቅል 100 ብር ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ስካነር በአንድ ቁጭታ የተነሡትን 20 ገጾች በአንድ ቲፍ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ የተረከብሁት 31 ፋይል ነው። ሃያ ላይ ማቆማቸው በጀ፤ መደበኛው ቲፍ በ32 ቢት አድራሻ ስለሚሠራ ከ4 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም፣ ሃምሳ ገጽ አከታትለው ቢሆን ኖሮ ፋይሉ ይበላሽ ነበር።

የመጀመሪያውን ፋይል እንዳለ ለኮንቨርት ሰጠሁት። ላፕቶፑ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲያቃስት ቆይቶ የካሽ (የጊዜያዊ ማከማቻ) ቦታ ማለቁን የሚገልጽ ስሕተት አውጥቶ ቆመ። ምክንያቱን ለመረዳት ሒሳቡን መሥራት ነበረብኝ። ይህ ፕሮግራም ሥዕሉን ሲከፍት እያንዳንዱን ፒክስል በ8 ባይት ይዘረጋዋል፤ ስለዚህ 104 ሜጋባይት የነበረው ገጽ ሲከፈት 278 ሜጋባይት፣ ሃያው ገጽ ደግሞ ከ5 ጊጋባይት ተኩል በላይ ይሆናል። በኡቡንቱ የኢሜጅማጂክ የፖሊሲ (የገደብ) ፋይል ውስጥ የተፈቀደው ግን 256 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ 512 ሜጋባይት ማፕ (በዲስክ ላይ ሆኖ እንደ ሜሞሪ የሚያገለግል) እና 1 ጊጋባይት ዲስክ ብቻ ነው። አንድ ግዙፍ ሥዕል መላውን ማሽን እንዳያንቅ የተደረገ ገደብ ስለሆነ ያለ በቂ ምክንያት ማንሣቱን አልወደድሁትም።

ከፋይሉ ስም ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ የገጹን ቁጥር (ቆጠራው ከ0 ይጀምራል) ጽፎ አንድ አንዱን ማውጣት ይቻላል፤ ሞክሬው ይሠራል። ይሁን እንጂ ከሊብቲፍ (የቲፍ ፋይል ማስተናገጃ) መሣሪያዎች ጋር የሚመጣው «ቲፍስፕሊት» ሥዕሉን ሳይዘረጋ ገጾቹን ብቻ ስለሚነጣጥል፣ ኮንቨርት ያልቻለውን ፋይል ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሰው። የሚያወጣቸው ስሞች ግን ኤክስ-ኤ-ኤ-ኤ፣ ኤክስ-ኤ-ኤ-ቢ እያሉ የሚቀጥሉ በመሆናቸው ለሰው የሚነበቡ አይደሉም።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

የስም ቀን ሆኖ ዋለ። ጸሐፊው የየፋይሉን ይዘት በዝርዝር በአማርኛ ሰይመው ነበር፤ ከፍላሽ ወደ ላፕቶፑ ስገለብጥ ሁለቱ «የፋይሉ ስም በጣም ረጅም ነው» ተብለው ቀሩ። በዊንዶውስ የተከፈተ ስም በእኔ ማሽን ለምን እንደማይገባ ግራ ገባኝና ፊደሉን ቆጠርሁ፤ አንደኛው 97፣ ሌላኛው 91 ነበር። የዊንዶውስ ገደብ 255 ፊደል ሲሆን የሊነክሱ ፋይል ሲስተም ኤክስት 4 ግን የሚቆጥረው 255 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል ኮድ ሦስት ባይት ስለሚወስድ ለእኛ ስም የሚቀረን 85 ፊደል ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰይም ሰው ይህን ችግር ዕድሜውን ሙሉ ላያውቀው ይችላል።

በስሞቹ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታም ሌላ ጣጣ ነበር። በባሽ (በሊነክስ የትእዛዝ ቋንቋ) የጻፍሁት ሉፕ (ለየፋይሉ የሚደጋገም ትእዛዝ) «የመዋጮ መዝገብ 2» የሚለውን ሦስት የተለያዩ ፋይሎች አድርጎ ፈለገና አንዱንም አላገኘም። የፋይሉን ስም የሚይዘውን ተለዋዋጭ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት በቂ ነበር። በጥቅሱ ብቻ ሳልወሰን ለሁሉም አጭር ስም ሰጠሁ፤ የመዝገቡ ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዚያም በአራት አኃዝ የተጻፈ የገጽ ቁጥር፣ ማለትም «መ2-0047» እንደሚለው ዓይነት። የጸሐፊውን ረጅም ስሞች ለየብቻ በጽሑፍ ፋይል ዘርዝሬ አስቀምጫቸዋለሁ። አራት አኃዝ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ ያለ መሪ ዜሮ ቢተው ኮምፒውተሩ 1፣ 10፣ 100፣ 101 ብሎ ከደረደረ በኋላ ነው 2 ላይ የሚደርሰው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ይህን ቀን ባልጽፈው ደስ ባለኝ ነበር።

የተነጣጠሉት ገጾችና የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች አንድ ላይ 128 ጊጋባይት ስለሆኑ ዲስኬ ሞላ። መነጣጠሉ በትክክል መጠናቀቁን አይቼ ነበርና የመጀመሪያዎቹን 31 ፋይሎች ደመሰስኋቸው። ፍላሹም ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ ፎርማት ተደርጓል። እስከዚህ ድረስ የከፋ ነገር የለም፤ ያለኝ አንድ ቅጂ ብቻ መሆኑን ግን ያኔ አላሰብሁትም።

ከዚያ በኋላ የመጠን ሙከራ ለማድረግ «ሞግሪፋይ» የሚባለውን ትእዛዝ ተጠቀምሁ። ይህ ትእዛዝ ፎልደር ሙሉ ፋይል በአንድ ጊዜ የሚሠራ ሲሆን፣ «ፎርማት» በሚለው አማራጭ ጄፔግ ብለው ካዘዙት ቲፉን ሳይነካ አጠገቡ ጄፔግ ይፈጥራል። እኔ አማራጩን ረሳሁት። «ቁመቱን 1600 ፒክስል አድርግ» ብቻ ብዬ ስለላክሁት የታዘዘውን በታማኝነት ፈጸመ፤ እያንዳንዱን ቲፍ አሳንሶ በራሱ ላይ መልሶ ጻፈው። የፎልደሩ መጠን ሲቀንስ አይቼ ነቃሁና ኮንትሮልና ሲን ተጭኜ እስካቆመው ድረስ 38 ገጽ አልፏል። ለዚህ ትእዛዝ «መልስ» የሚባል ቁልፍ የለም።

ማታውኑ ወደ ጸሐፊው ደውዬ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «መዝገቡ አለ አይደል? ወረቀቱን አላቃጠልኸው» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

38ቱ ገጾች እንደገና ተነሡ። መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ በዝናብ ከሒርማታ ፎቶ ኮፒ ቤቱ እስካለበት አጂፕ ወስጄ መለስሁ፤ ለስካን በገጽ 10 ብር 380 ብር፣ ለባጃጅ 120 ብር ከኪሴ ከፈልሁ። በዕድሩ ወጪ ደግሞ 1 ቴራባይት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በ9,000 ብር ተገዛ። አሁን «ዋና» የሚባል ፎልደር አለ፤ የመጻፍ ፈቃዱን በ«ሲኤችሞድ» ትእዛዝ ስላነሣሁበት ሞግሪፋይ ቢሳሳትም ፋይሉን ሊነካው አይችልም። ሞግሪፋይን ራሱንም ትቼዋለሁ፤ መግቢያና መውጫው ለየብቻ የሚጻፍበትን ኮንቨርትን በሉፕ ማስኬድ ጥቂት ቢያስለፋም ይሻለኛል።

ለማኅደሩ የሚቀመጠውን ቲፍ በዚፕ አመቅሁት። ዚፕና ኤልዜድደብሊው አንድም ፒክስል የማይጥሉ ዘዴዎች ናቸው፤ በእኔ ገጾች ላይ ዚፑ ትንሽ ስለበለጠ እሱን ያዝሁ። 64 የነበረው 42 ጊጋባይት ሆነ። ከዚህ በላይ የማይታመቀው የወረቀቱ እርጅና፣ እድፍና ቃጫ ሁሉ ተራ በተራ በቀለም ስለተቀረጸ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ቀኑን ሙሉ አንድ ገጽ ብቻ ይዤ የጄፔግ ጥራት ስሞክር ዋልሁ። የመረጥሁት በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፈ፣ ያልከፈለ አባል በቀይ የተሰመረበትና ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት ገጽ ነው፤ ይህ ገጽ ካማረ ሌላው ሁሉ ያምራል።

በመጀመሪያ ፋይሉን ለማሳነስ ቀለሙን አጥፍቼ ግራጫ አደረግሁት፤ መጠኑ ጥሩ ሆነ። ለጸሐፊው ሳሳያቸው ግን ገና በአንድ እይታ «ያልከፈሉት የታሉ?» አሉ። በግራጫው ቀዩ መስመርና ሰማያዊው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ጥቁረት ይዘዋል። ለዓይን ንጹሕ የመሰለው ገጽ የዕዳውን መዝገብ አጥፍቶታል ማለት ነው። ቀለሙ ቀረ፣ ክርክሩም አለቀ።

ቀጥሎ በ50 በመቶ አሳንሼ 300 ዲፒአይ አደረግሁትና የኳሊቲውን ቁጥር ከ92 ጀምሮ ዝቅ እያደረግሁ አወዳደርሁ። በ92 ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ በ85 የጽሑፉ ቅርጽ ምንም ሳይሆን የማኅተሙ ዳርና ቀዩ መስመር በድንገት ደበዘዙ። ልዩነቱ ከሰባት ነጥብ በላይ ሆኖ ስላስገረመኝ መመሪያውን አነበብሁ። ጄፔግ ብርሃንንና ቀለምን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ ኢሜጅማጂክ ኳሊቲው 90ና ከዚያ በላይ ሲሆን ቀለሙን በሙሉ ይይዛል፤ ከ90 በታች ሲወርድ ግን የቀለሙን ዝርዝር በወርድም በቁመትም በግማሽ ይቀንሳል። ለመልክዐ ምድር ፎቶ ይህ አይታወቅም፤ ለቀጭን ቀይ መስመር ግን ብዙ ነው። መፍትሔው «ሳምፕሊንግ ፋክተር» የሚለውን አማራጭ በግልጽ 4፣ 4፣ 4 (ቀለሙ አይቀነስ) ብሎ መስጠት ሆነ። በዚህ አኳኋን ኳሊቲው 80 ሆኖ ከ85ቱ ይልቅ ማኅተሙ ይነበባል፣ መጠኑም በገጽ 1.3 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከ70 በታች በፊደላቱ ዙሪያ ትንኝ የመሰለ ነጠብጣብ ይሰፍራል፤ «ሰ»ን ከ«ሱ» ለመለየት የሚያስፈልገው ደግሞ ያችው ትንሽ ጭረት ናት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ሙሉውን ሥራ ማታ አስነሥቼ ተኛሁ። አንድ ገጽ 14 ሰከንድ ስለሚፈጅ ሁለት ሰዓት ተኩል በቂ ነው ብዬ ነበር። ሌሊት መብራት ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ከሃያ ደቂቃ አያልፍም። ጠዋት ስክሪፕቱን (ትእዛዞቹን የጻፍሁበትን ፋይል) መልሼ ሳስነሣው ያለቁትን እየዘለለ እንዲቀጥል አድርጌ ስለጻፍሁት ያለ ችግር ጨረሰ፤ ይሁንና አንደኛው ገጽ ከወገቡ በታች ግራጫ ሆኖ ተገኘ። መብራቱ ሲጠፋ በግማሽ የተጻፈ ፋይል ስሙ በቦታው ስላለ ስክሪፕቱ እንዳለቀ ቆጥሮ ዘሎታል።

አሁን ኮንቨርት ወደ ጊዜያዊ ስም ይጽፋል፤ ትእዛዙ በሰላም ካለቀ ብቻ ወደ ትክክለኛው ስም ይዛወራል። «ጄፔግኢንፎ» የሚባለውን መሣሪያም ጭኜ ፋይሎቹን ሁሉ አስመርምሬአለሁ፤ ሌላ ጎዶሎ አልተገኘም።

የ14 ሰከንዱ ነገርም አልተዋጠልኝም ነበር። አራቱን የፕሮሰሰር ኮሮች በአንድ ጊዜ ባሠራ ይፈጥናል ብዬ በ«ኤክስአርግስ» ትእዛዝ አራት አራት ሳስኬድ ጭራሽ ዘገየ። ምክንያቱ የሐምሌ 10ሩ ሒሳብ ውስጥ ነበር፤ አንዱ ገጽ ሲዘረጋ ከ256ቱ ገደብ በጥቂቱ ስለሚያልፍ ሥራው ከራም ወጥቶ ወደ ዲስክ ይወርዳል፤ አራት ሲሆኑ ደግሞ በዲስኩ ይሻማሉ። በትእዛዙ ላይ «ሊሚት» ብዬ ከፍ ባደርገው የፖሊሲው ፋይል ጣሪያ ስለሆነ አልሰማኝም። ያኔ ልነካው ያልፈለግሁትን ፋይል አሁን ምክንያት ስላገኘሁ ከፍቼ የሜሞሪውን ገደብ 512 አደረግሁት፤ አንድ ገጽ ወደ 5 ሰከንድ ወረደ። በአንድ ጊዜ የማስኬደውም ሁለት ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ሦስት አጫጭር ጉዳዮች።

ለስልክ የሚሆነው ትንሹ ቅጂ ረጅሙ ጎኑ 1600 ፒክስል ሆኖ፣ ከዚያ ያነሰ ሥዕል ግን እንዳይለጠጥ ፈለግሁ። ለዚህ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ይበልጣል» የሚለው የሒሳብ ምልክት ይጻፋል። በጥቅስ ሳላስገባው ብጽፈው ሼሉ (ትእዛዙን የሚቀበለው ፕሮግራም) «ውጤቱን ወደዚህ ፋይል ላክ» ብሎ ተረጎመውና ዜሮ ባይት የሆነ ባዶ ጄፔግ ሰጠኝ። በጥቅስ ሲገባ ተስተካከለ።

የዕድሩ ማኅተም በፒኤንጂ፣ ጀርባው ግልጽ ሆኖ ነበር የተሰጠኝ። ወደ ጄፔግ ስቀይረው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተመታ ማኅተም ሆነ፤ ጄፔግ ግልጽነትን የሚይዝበት ቦታ የለውም። የጀርባውን ቀለም ነጭ ብሎ ካወጁ በኋላ የአልፋውን (የግልጽነቱን) ቻነል ማስወገድ በቂ ነው።

የአባላቱ 143 ፎቶዎች ትንሽ አስቸግረዋል። የቤታቸውን አድራሻ የሚያሳይ የጂፒኤስ መረጃ አብሮ እንዳይሄድ በ«ስትሪፕ» አማራጭ መረጃውን ሁሉ ገፈፍሁት፤ ሰዎቹም በጎናቸው ተኙ። ስልክ ፎቶን አዙሮ አያስቀምጥም፤ «ሲታይ እንዲህ ይዙር» የሚል ማስታወሻ ብቻ ይጽፍበታል፣ እኔ የገፈፍሁትም ያንኑ ነው። ከዋናዎቹ ተነሥቼ «አውቶ ኦሪየንት» የሚለውን ከ«ስትሪፕ» በፊት ሳስገባ ፒክስሎቹ ራሳቸው ዞሩና ሁሉም ቀና አሉ። ከውጭ አገር ልጅ የተላኩት ጥቂቶቹ ሄይክ የተባሉ የአይፎን ፎቶ ፋይሎች ነበሩ፤ በ«ሄይፍ ኮንቨርት» ከፈትኋቸው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ፒዲኤፉን በኮንቨርት ልሠራ ብሞክር «አልተፈቀደም» አለኝ። ጎስትስክሪፕት በተባለው የፒዲኤፍ ፕሮግራም ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 በተገኙ የደኅንነት ቀዳዳዎች ምክንያት ኡቡንቱ ይህን በር በፖሊሲው ፋይል ዘግቶታል። መክፈት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ኮንቨርት ጄፔጉን ፈቶ እንደገና ስለሚያምቀው ጥራቱ ሁለተኛ ይቀንሳል። «ኢሜጅ ቱ ፒዲኤፍ» የተባለው ትንሽ መሣሪያ ጄፔጉን ሳይፈታ እንዳለ ወደ ፒዲኤፍ ስለሚከተው እሱን ጫንሁ። አንዱ መዝገብ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አለቀ፤ በአራት አኃዝ የሰየምኋቸው ገጾችም ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ገቡ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ርክክብ። በሃርድ ዲስኩ ላይ 42 ጊጋባይት ቲፍ፣ 800 ሜጋባይት ገደማ ጄፔግ፣ ትንንሾቹ የስልክ ቅጂዎችና አራቱ ፒዲኤፎች አሉ። ለእያንዳንዱ ፋይል በ«ሻ 256 ሰም» የወጣ አሻራ በጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፤ ከዓመት በኋላ ትእዛዙን ደግሞ በማስኬድ የተበላሸ ካለ ይታወቃል። ሁለተኛው ቅጂ ገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጣል። ኮሚቴው በቴሌግራም ሲላላክ በፎቶ መልክ ሳይሆን «ፋይል» በሚለው በኩል እንዲልክ አሳይቻለሁ፤ በፎቶ መልክ ከተላከ ቴሌግራም ራሱ ደግሞ ስለሚያሳንሰው የሐምሌ 24 ድካም ከንቱ ይሆናል።

ጸሐፊው በስልካቸው ሦስተኛውን መዝገብ ከፍተው በጣታቸው እያሰፉ ሲያነቡ ቆዩና «ይኼ ገጽ ሁለቴ ገብቷል፣ ቀጣዩ ደግሞ የለም» አሉ። አየሁት፤ መ3-0118 እና መ3-0119 አንድ ገጽ ናቸው፤ ስካን ሲደረግ ቅጠሉ አልተገለጠም። ነገ መዝገቡን ይዤ ወደ አጂፕ እሄዳለሁ፤ 10 ብር።